በሽቦ የታሰረው ጽጌረዳ

አሁን ሴራሚክ አነጥፋለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ ሥራ የማያጣ ሰው ቢኖር ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ሰው አፈር የሚባል ነገር ከግቢው እስኪጠፋ ድረስ እያስነጠፈ ነው። ድሮ አበባ የተከልሁባቸው ሁለት ግቢዎች ዛሬ በእኔው እጅ ሴራሚክ ለብሰዋል። ጎንበስ ብዬ ስሠራ የሚያውቀኝ ሰው ካለፈ «ይበልጣል፣ የአንተ እጅ እኮ ለአበባ ነበር፤ ምን ነክቶህ ተውኸው?» ይለኛል። ጥያቄው ያናድደኛል። የሚጠይቀኝ ግማሹ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ። ለማያውቀው ግማሽ ከመጀመሪያው ልጻፈው።

የዱርቤቴ ልጅ ነኝ። ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ ወደ ባሕር ዳር መጥቼ በሰባታሚት በኩል ባለ አንድ የግል ችግኝ ጣቢያ ተቀጠርሁ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም። ስለ ባለቤቱ ግን አለኝ። የፈረንጅ ጽጌረዳ ብዙ ጊዜ የሚያድገው በቀጋ ሥር ላይ ተጣብቆ ነው። ቀጋ በየአጥሩ የሚበቅለው የዱር ጽጌረዳ ነው፤ ሥሩ ጠንካራ ስለሆነ ሌላውን ይሸከማል። ከላይ የተጣበቀው ሲሞት ከሥር የሚያቆጠቁጠው ቀጋው ብቻ ነው። ሰውየው ይህንኑ «ሐረጋም ጽጌረዳ» እያለ ይሸጠው ነበር። ገዢው ሦስት ዓመት ውኃ አጠጥቶ የአጥር አበባ ያገኛል። ቅጠሉን መቁጠር ብቻ ይበቃ ነበር፤ የቀጋው ቅጠል ብዙ ጊዜ ሰባት ሰባት ሆኖ ይወጣል፣ የፈረንጁ አምስት አምስት። ይህን ማንም ሳያስተምረኝ ቆጥሬ ደረስሁበት፤ በደብተሬም ከነሥዕሉ መዘገብሁት። ለገዢዎቹ ግን አልተናገርሁም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ሎጅ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ የሣሩን ቁመት በማስመሪያ የሚያስለካ፣ አበባ ከአበባ ግን የማይለይ ሰው ነበር፤ እሱን እዚሁ ልተወው። እዚያ ያገኘኋቸው ዋናው አትክልተኛ ጋሽ እንድሪስ ናቸው። እዚህ ስማቸውን የቀየርሁት እሳቸው ቀይር ስላሉኝ ነው። ጋሽ እንድሪስ የሐይቁ ዳር ሰው ናቸው። አባታቸውም እሳቸውም ደንገል እያጨዱ ታንኳ የሚሠሩ ነበሩ፤ ዳርቻው በአጥር እየተያዘ ደንገሉ ሲርቃቸው ወደ አትክልት ዞሩ።

ካስተማሩኝ ሁሉ ትልቁ ማሰር ነው። ሐረጋም ጽጌረዳ ስሙ ነው እንጂ እንደ ሐረግ አይጠመጠምም፤ የሚይዝበት ነገር የለውም። ካላሰሩት ይወድቃል። ሽቅብ ከለቀቁት ደግሞ ጫፉ ላይ ብቻ ያብብና እግሩ ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ ዘንጉ ገና ለጋ ሳለ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ቀስ እየተባለ ወደ ጎን ይጋደማል። የተጋደመ ዘንግ በየጉጡ ያቆጠቁጣል፤ ያቆጠቆጠው ሁሉ ያብባል። ጋሽ እንድሪስ አንድን ዘንግ በአንድ ቀን አያጋድሙም ነበር። ዛሬ አንድ ስንዝር፣ ከሳምንት በኋላ ሌላ ስንዝር። የሚያስሩትም በደንገል ነው። አገዳውን ሰንጥቀው፣ ቆዳውን ገፍፈው፣ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ያቆዩና ይገምዱታል። አንዱ ዙር መደገፊያውን ይይዛል፣ ሌላው ዙር ዘንጉን፤ መካከል ላይ ይሻገራል። አስረው ሲጨርሱ ትንሿን ጣታቸውን በዘንጉና በማሰሪያው መካከል ያስገባሉ። ጣት ካልገባ ይፈታል።

«ይሄ እኮ በዓመቱ ይበሰብሳል ጋሼ» አልኋቸው አንድ ቀን። «እንደገና ልናስር ነው።»

«ይበስብስ እንጂ። ዘንጉ ይወፍራል። ማሰሪያው እንቢ ካለ የሚበሰብሰው ማን ይመስልሃል?»

አዲስ ግቢ ሲገቡ በመጀመሪያው ቀን መቀስ አያወጡም። ባለቤቱ ዘወትር የሚቀመጥበትን ቦታ ይጠይቁና እዚያው ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ። «አበባውን የሚያየው እሱ ነው፤ እኔ ቆሜ ባየው ምን ይጠቅመዋል» ይላሉ። ሰው እጁን ከሥራ በኋላ ይታጠባል፤ እሳቸው ከሥራ በፊትም ይታጠባሉ። ሲቆርጡ ከጉጡ በላይ ግማሽ ጣት ይተዋሉ፤ ውኃ እንዳይተኛበትም ቁርጡን ያጋድሙታል። አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ ያኔ አልገባኝም። በሰው ግቢ ያለን ተክል አያደንቁም። «ይዟል» ይላሉ፤ ሲበዛ «ደኅና ነው»። ከአፋቸው አንዲት የሙገሳ ቃል ለመስማት ስንት ጊዜ ለፋሁ። ንፉግ ናቸው ብዬ በሆዴ አምቻቸዋለሁ።

ከሎጁ በጡረታ ሲወጡ ኑሯቸው በስድስት ትናንሽ ግቢዎች ላይ ቆመ። እኔ በዕረፍት ቀኔ አብሬያቸው እሠራ ነበር። ከስድስቱ አንዱ የወይዘሮ ሰናይት ነው። ወይዘሮ ሰናይት ከደሴ በሥራ ተዛውረው የመጡ፣ ኮሌጅ ውስጥ የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። ግቢያቸው ቢለካ ስድስት እርምጃ በአራት ነው። ከግንቡ አንድ ክንድ አርቀን አንድ ሮዝ ሐረጋም ጽጌረዳ ተከልንላቸው፤ ግንብ አጠገቡ ያለውን ውኃ ስለሚጠጣ። በሦስተኛው ዓመት ግድግዳው ላይ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ተከፈተ። አምስት ዘንግ በግራ፣ አራት በቀኝ። መንገደኛ በር ሲከፈት ቆም ብሎ ያይ ነበር።

በዚያ ዓመት ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይሄን ጽጌረዳ በሩ ላይ ቅስት አድርጉልኝ» አሉ። «ሙሽራዋ ከሥሩ ቆማ ፎቶ ትነሣለች።»

«ሠርጉ መቼ ነው ወይዘሮ?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

«አሁን ዘንጉ ጠንክሯል። ቢታጠፍ ይሰነጠቃል። ክረምት ለጋ ያወጣልና ለከርሞ እናድርገው።»

«ሙሽራዋንስ ለከርሞ ላቆያት?» ብለው ሳቁ።

ጋሽ እንድሪስም ሳቁ፤ ግን አልተስማሙም። በዚያው ሳምንት እኅታቸው ታመው ወደ ጎርጎራ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ከመሄዳቸው በፊት ጠሩኝ። «ግድ ካሉ ሁለት ዘንግ ብቻ። በሳምንት አንድ ስንዝር። በደንገል። ካልደረሰ አይድረስ።»

እኔ ስድስት ዘንግ አጠፍሁ። የሠርጉን ዲኮር የያዘው ልጅ በየቀኑ እየመጣ «ቅስቱ ሳሳ፣ ይሙላ» ይለኝ ነበር፤ ግን በእሱ አላመካኝም። ራሴ ነኝ የፈለግሁት። ጋሽ እንድሪስ የሌሉበት፣ የእኔ ብቻ የሆነ ሥራ ፈለግሁ። ዘንጎቹን በሞቀ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ እያለሰለስሁ፣ ጎበጥ አደረግኋቸው። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይቆዩ ተመልሰው ይቃናሉ። ደንገሉ ይበጠሳል። ጎረቤት ቤት እየተሠራ ነበርና ከግንበኞቹ ጥቁር የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ለመንሁ። በአርባ አንድ ቦታ አሰርሁ። በፒንሳ አጠበቅሁ። ጣቴን አልሞከርሁም፤ ምክንያቱም እንደማይገባ አውቃለሁ። ከዚያ ቅጠሉን እየጎተትሁ ሽቦውን ሸፈንሁት። ደብተሬ ላይ «ቅስት፣ ስድስት ዘንግ» ብዬ ጻፍሁ። ሽቦ የሚለውን አልጻፍሁም።

አበበ። ይህን መካድ አልችልም፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ አልሠራሁም። የሠርጉ ዕለት ሰው ምግቡን ትቶ ከሥሩ ፎቶ ይነሣ ነበር። ጋሽ እንድሪስ ለሠርጉ ብለው ከጎርጎራ መጡ። ነጭ ጀለቢያ ለብሰው በሩ ላይ ቆሙና ሽቅብ አዩ።

«እንዴት ነው ጋሼ?» አልኋቸው።

«ይዟል።»

«ይዟል ብቻ? ሰው ሁሉ እያየው አይደለም እንዴ? አንድ ጊዜ እንኳ ያምራል ይበሉኝ።»

ወይዘሮ ሰናይት ከጎረቤታቸው ከእትዬ ባንቺ ጋር አጠገባችን ነበሩ። «እውነቱን ነው» አሉ ወይዘሮ ሰናይት። «ለልጅዎ ዛሬ እንኳ ይመስክሩለት እንጂ።»

ጋሽ እንድሪስ እኔን አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ቅጠሉ ሰደው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። እጃቸውን መለሱ።

«ያምራል» አሉ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሰው በምግቡ ዙሪያ ሲሰበሰብ ወደ ጥግ ወስደው «ነገ ፍታው» አሉኝ። «ከሰኔ ወዲያ እንዳታደርሰው።» እሺ አልሁ።

እኅታቸው እየባሱ ስለሄዱ በማግሥቱ ተመለሱ፤ ክረምቱንም እዚያው ከረሙ። እኔ አልፈታሁም። ብፈታው ቅስቱ ይወድቃል፤ ወይዘሮ ሰናይት ደግሞ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳዩታል። በሰኔ ጋሽ እንድሪስ ደውለው «ፈታኸው?» አሉኝ። «ፈታሁት ጋሼ» አልሁ። በሐምሌ ዝናብ መካከል ሄጄ ስዳስስ ልጡ በሽቦው ግራና ቀኝ እንደ ከንፈር አብጦ ነበር። በነሐሴ ከንፈሩ ገጠመ። ሽቦው ከውጭ አይታይም፤ የሚታየው አንድ ቀጭን ስፌት የመሰለ መስመር ብቻ ነው። አሁን ማውጣት ማለት ዘንጉን መቁረጥ ነው። አልቆረጥሁም። መስከረም ገብቶ ሰው ሁሉ ቤቱን ሲያስጌጥ የቅስቱ ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከሽቦው በላይ ያለው ሁሉ ደረቀ።

መቀስ ይዤ ከሥሩ ቆሜ ሳለሁ እትዬ ባንቺ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«እንዲህ ያለ ነገር ያለ ምክንያት አይደርቅም» አሉ። «ተባይ አለው?»

«የለውም» አልሁ።

«ውኃ አጥቷል?»

«አላጣም።»

«እንግዲያ ሰው አየው።» አጠገቤ ወደ ቆሙት ወይዘሮ ሰናይት ዞሩ። «ሰውዬው የሠርጉ ዕለት ያምራል አላሉም? ሌላ ጊዜ ብለው የማያውቁትን? ነክተውታልም እኮ፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ተዪ ባንቺ፣ እንዲህ አይባልም» አሉ ወይዘሮ ሰናይት።

«እኔ ምን አልሁ? የሐይቁ ዳር ሰው ናቸው አልሁ እንዴ? አላልሁም።»

አላሉም። ለሐይቁ ዳር ሰው የወጣውን ያንን ቃል ማንም በአፉ አይጠራውም፤ እኔም እዚህ አልጽፈውም። ጋሽ እንድሪስ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ተክል ሳያደንቁ የኖሩት ለምን እንደሆነ እዚያች ቦታ ላይ ገባኝ። ንፉግ ሆነው አልነበረም። ዓይናቸው ያደርቃል የሚል ሰው እንዳይነሣባቸው ነበር። ለምኜ ያናገርኋቸው እኔ ነኝ። አፌን ብከፍት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ ሽቦ ነው። መቀሱን ይዤ ቆምሁ። ያ ወሬ እኔን አድኖኛላ።

ጋሽ እንድሪስ እኅታቸውን ቀብረው ሲመለሱ ወይዘሮ ሰናይት «ለጊዜው ይረፉ፣ ሲያስፈልገኝ እጠራዎታለሁ» አሏቸው። በትሕትና ነው ያሉት፤ ሻይም ጋብዘዋቸዋል። ወሬው ከግቢ ወደ ግቢ ሄደ። አንዱ ቤት ዘበኛው አትክልቱን ይይዘዋል አለ፣ አንዱ ቁልፍ ቀየረ፣ አንዱ ምንም ሳይል ስልክ ማንሣት ተወ። እስከ ጥር ድረስ ከስድስቱ አንድም አልቀራቸውም። እነዚህ ያልተማሩ ሰዎች አይደሉም። መሐንዲስ አለባቸው፣ ነርስ አለባቸው። ልጆቻቸውን ሳይንስ የሚያስጠኑ ሰዎች ናቸው። አርባ አንድ ቦታ ላይ የተቀበረ ብረት ከመፈለግ ይልቅ የአንድ ሽማግሌ ዓይን ቀለላቸው። በእነሱ መናደድ ግን ለእኔ ምቹ ነው፤ ምክንያቱም እነሱ አላወቁም፣ እኔ አውቅ ነበር።

በጥር ከስድስቱ ቤቶች አንዱ ደወለልኝ። ነርሷ ናቸው። የጋሽ እንድሪስን ቦታ እንድይዝ ፈለጉ። ሄድሁ። ግቢውን እያሳዩኝ «አንተ እንኳ እጅህ ንጹሕ ነው» አሉኝ።

ያን ቃል መሸከም አልቻልሁም። ጥያቸው ወጣሁ። በቀጥታ ወይዘሮ ሰናይት ቤት ሄጄ የደረቀውን ቅስት ላንሣልዎ አልኋቸው፤ ደስ አላቸው። ስቆርጥ መቀሱ በየቦታው ብረት ነከሰ። ሽቦ የዋጠውን አንድ ክንድ የሚያህል ዘንግ በቁመቱ ሰንጥቄ በማዳበሪያ ከረጢት ያዝሁና ወደ ሐይቁ ወረድሁ።

ጋሽ እንድሪስ ለቱሪስት የሚሸጥ፣ መዳፍ የምታህል የታንኳ መጫወቻ እየሠሩ ነበር። ዘንጉን ከፊታቸው አስቀመጥሁት።

«አልፈታሁትም ነበር» አልሁ።

«አውቃለሁ። ሲደርቅ ነው ያወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

ቀና ብለው አዩኝ። ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እኔ ብናገር ማን ሊሰማኝ? ሽቦ ነው ብል የራሱን በሌላ አላከከ ሊሉኝ አይደል? የሚሰሙት አንተን ነው። አራት ወር ሙሉ ስጠብቅ የነበረው አንተን ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ ዓይኔ እንደማያደርቅ አውቃለሁ። ሂድና ለሚያስፈልገው ንገር።» ዘንጉን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ይሄንንም ይዘህ ሂድ።»

ስድስቱንም በር አንኳኳሁ። እኔ ከሰው ጋር ማውራት የምወድ ሰው አይደለሁም፤ በየበሩ ግን አንድ ዓይነት ነገር ተናገርሁ። ሽቦውን ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ ፍታው ተብዬ አልፈታሁም፣ ፈትቻለሁ ብዬ ዋሸሁ፣ ሲወራባቸው ዝም አልሁ። ዘንጉን አወጣለሁ፣ የተሰነጠቀውን ከፍቼ ሽቦውን አሳያለሁ። መሐንዲሱ ዘንጉን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አዙሮ አየ፤ ፊቱ ቀላ። ነርሷ «ከመጀመሪያም አላመንሁትም ነበር» አሉኝ። ውሸት ነው። አንዱ ቤት ሳይከፍትልኝ ቀረ። ሌላው «አሁን ሴራሚክ ልናስነጥፍ ስለሆነ ግድ የለም» አለኝ፤ ግድ የለም።

ወይዘሮ ሰናይት ዘንጉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ስንጥቁን ራሳቸው ከፍተው አዩ። እትዬ ባንቺም እንደ ልማዳቸው እዚያው ነበሩ።

«ታዲያ ያን ጊዜ አጠገቤ ቆመህ?» አሉ ወይዘሮ ሰናይት። «መቀስ ይዘህ?»

«አዎ።»

«ሻይ ጋብዤ አሰናበትኋቸው እኮ።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

እትዬ ባንቺ ግን ሽቦውን በጥፍራቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ይሁን ሽቦው። ግንብ ላይስ ስንት በሽቦ የታሰረ አለ፣ መች ደረቀ? ዓይን ባያገኘው ኖሮ ሽቦ ብቻውን ይገድለዋል?»

በሕይወቴ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ጮኽሁ። ምን እንዳልሁ በትክክል አላስታውስም፤ እትዬ ባንቺ ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም፤ እኔም አልፈልግም።

ከዚያ ወዲህ መቀስ አልያዝሁም። ማንም አላባረረኝም። ሎጁም ቆይ ብሎኝ ነበር። ግን አንድ ዘንግ ሳስር ትንሿን ጣቴን ማስገባት እጀምርና እጄ ይቆማል። ሴራሚክ ይሻላል፤ ከተነጠፈ በኋላ አይወፍርም።

መሐንዲሱና ወይዘሮ ሰናይት ጋሽ እንድሪስን መልሰው ጠሯቸው። ሌሎቹ አራቱ አልጠሩም፤ ከአራቱ ሁለቱ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያዩአቸው ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ሥራ ስሄድ ከወይዘሮ ሰናይት ቤት አጠገብ አገኘኋቸው። ረጅም የእንጨት መሰላል ትከሻቸው ላይ አድርገው ዳገቱን ቀስ ብለው ይወጣሉ። እንደ ወትሮው ቀድመው ሰላም አሉኝ፤ የእናቴንም ጤና ጠየቁኝ። ብዙ ሰው ያልፍ ነበር። መሰላሉ ጫፉ እየተወዛወዘ አስቸገራቸው።

«ልያዝልዎ ጋሼ?» አልኋቸው።

መሰላሉን ወደ ሌላው ትከሻቸው አዛወሩት።

«ቀላል ነው» አሉኝና አለፉ።